ክቡር ከስር

ወንድሜ አተር እየፈለፈለ ነው። ከቆርቆሮ ሳህኑ እጁን ከፍ አድርጎ አንዷን ፍሬ ይለቃል፤ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ ሁለት፤ ከዚያ ትንሽ ጠብቆ አንድ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ከቅርፊቱ የተነሣ አረንጓዴ ሆኗል። «እትዬ፣ ወደቀች?» ይለኛል በየመሃሉ። «ወድቃለች» እለዋለሁ። ጆሮው እንደ ድሮው ስላልሆነ ቀጫጭኑ ድምፅ ሲያመልጠው እኔን ይጠይቃል። በዚህ አያያዝ ለአንድ ኪሎ አተር ከሰዓት በኋላው ሙሉ አይበቃንም።

የፊልም ሙዚቃ ደራሲ አይታችሁ የማታውቁ ይመስላችኋል እንጂ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ፣ ሰው ሁሉ ኮቱን እየለበሰ ሲጋፋ፣ ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ እንደ ሰጎን አንገቱን አስግጎ የሚሮጡትን ስሞች ሲያነብ ካያችሁ እሱ ነው። «ያሳልፉኝ» ብላችሁት እሱ አልሰማችሁም። የኔ ወንድም በሠላሳ አንድ ዓመት አሥራ ሰባት ፊልም ሠርቷል። ስሙ ሁልጊዜ የሚወጣው ከሾፌሩ በኋላ፣ ምሳ ካቀረበችው ሴትዮ በፊት ነው። የሲኒማ ቤቱ ጠራጊ መጥረጊያዋን ይዛ ትመጣና «አባባ፣ አልቋል እኮ» ትለዋለች። «የኔ ገና ነው» ይላታል።

በቤታችን ማዕረጉ ክቡር ከስር ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ብሆንም ጥፋቱ የኔ አይደለም። ዳይሬክተሮች ሲደውሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ከስር የሆነ ነገር ጣል ያድርጉበት።» ሰውየው ይናገራል፣ እሱ ከስር። ዝናብ ይዘንባል፣ እሱ ከስር። አንድ ጊዜ ሁለት ወር የደከመበትን ሙዚቃ ከውሻ ጩኸት ስር አስገቡበት። ከታችኛው ፎቅ ያለችው ፋርማሲስት ደረጃ ላይ አግኝታው «ውሻው ሲሞት እንዴት እንዳለቀስኩ» አለችው።

«ሙዚቃውስ?» አላት።

«ሙዚቃ ነበረው እንዴ?»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣት። «ካልተሰማ ሠርቷል ማለት ነው።» ይህችን ቃል በቀን ሦስት ጊዜ እንደ መድኃኒት ይወስዳታል።

አብሮት መኖር ለብቻው ሙያ ነው። ባለፈው ክረምት እላይ ያሉት ባልና ሚስት ደረጃው ላይ ሲጣሉ ጎረቤቱ ሊገላግል ሮጠ። የኔው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እዚህ ጋ ክላርኔት» አለ። ባልየው ሰማው። «ምን አልክ አንተ ሽማግሌ?» ጠቡ በዚያው ቀረ፤ ባልና ሚስቱ ታርቀው እሱን ሰደቡት።

አምና የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ አፏን ስትከፍት እጁን አነሣ። «ዶክተር፣ ሁለት ሰከንድ ዝም ይበሉና ይንገሩኝ። እንዲህ ያለ ወሬ ጸጥታ ካልቀደመው አይገባም።» እሷም እውነትም ዝም አለች። ከዚያ ግራው ጆሮ እያለቀለት መሆኑን፣ ቀኙም እንደሚከተል፣ ምናልባት አንድ ዓመት ቢቀረው እንደሆነ ነገረችው። ሥራውን ጠየቀችው።

«ማንም የማይሰማው ሙዚቃ እሠራለሁ» አላት። «እንግዲህ ከሕዝቡ እኩል ልሆን ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ የሌለ ዕቃ መፈለግ ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ዳይሬክተር ደወለ። «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ እናትየው ቤቷን ቆልፋ ትሄዳለች። ሦስት ደቂቃ ነው። ማንም አያወራም፤ ዝናብ የለም፤ መኪና የለም። የእርስዎ ብቻ ነው።» ወንድሜ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«እትዬ፣ ከስር አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ የት ነው?»

«እንጃ። ሄጄበት አላውቅም።»

አራት ወር ሠራ። ቀኝ ጆሮው ከድምፅ ማጉያው እንዲገጥም ኪቦርዱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ይቺን አንዷን ሰው ሳይጋፋት አሰምቼ ልደንቁር፣ ይል ነበር። የዜማው ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ኖታ አለች፤ እዚያ ሲደርስ ጣቱን ሳያነሣ ዞር ብሎ ያየኛል። «አለች?» «አለች» እለዋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ስለ ሙዚቃ የማውቀው እሱ ሲጫወት የስፌት መኪናዬን ቀስ አድርጎ መርገጥን ነው። አንዳንድ ቀን የቸኮለ ሥራ ይዤ መኪናዬ ሲንኳኳ ኖታዋን ሳልሰማት «አለች» ብዬዋለሁ። ይህን ነግሬው አላውቅም።

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት ነው። ግራጫ ኮቱን ተኮስኩለት፤ የላላውን ቁልፍ አጠበቅኩለት፤ ቀኝ ጆሮው ነጻ እንዲሆን በግራው በኩል ተቀመጥኩ። እናትየው ቤቷን ቆለፈች። ዜማው ጀመረ። እጄን ያዘኝ፤ ከልጅነታችን ወዲህ ይዞኝ አያውቅም። ሴትየዋ አራት እርምጃ ሄደች። አምስተኛው ላይ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣ። «ሕይወት እንዲህ ናት። አንዱ ይመጣል፤ አንዱ ይሄዳል።» ሦስቱንም ደቂቃ ተናገረ። ቤት መቆለፍ ምን ማለት እንደሆነ ሳይቀር አስረዳን። ኋላ እንደሰማነው ፕሮዲዩሰሩ ተመልካቹ ግር እንዳይለው ሰግቶ ያስገባው ነው።

ወንድሜ እጄን ለቀቀ። «ከስር ነው» አለ።

ስሞቹ መሮጥ ሲጀምሩ ብድግ ብሎ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወጣ። ጠራጊዋ በሩ ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ነበር። «አባባ፣ ገና ነው እኮ» አለችው።

«የኔ አልቋል» አላት።

ኪቦርዱን በአንሶላ ሸፈነው። ስልክ ሲጮህ አያነሣም፤ ይስማው አይስማው አላውቅም። ፋርማሲስቷ «ፊልሙን አየሁት፣ የሰውየው ንግግር እንዴት ደስ ይላል» ስትለው «አዎ» ብሎ አለፈ። ያቺን መድኃኒቱን እንኳ አልወሰዳትም። ሠላሳ ዓመት ስሰለቻት የኖርኩትን ቃል ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ራሴን አገኘሁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የስፌት መኪናዬን የሚያዞረው ጠፍር ተበጠሰ። ለልክ እንዲሆነው የተበጠሰውን ሰጥቼ «በዚህ ልክ አንድ ግዛልኝ» አልኩት። ኮቱን ለበሰ። እኔ የሰው ቀሚስ ይዤ ጠርዙን በእጅ መስፋት ጀመርኩ። መኪናው ዝም ብሏል፤ ቤቱም ዝም ብሏል። ሳላውቀው አፌ ያንን ዜማ ያዘ። ክር ልቆርጥ ቀና ስል የወጣ መስሎኝ የነበረው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ እጁ እጀታው ላይ፣ ቀኝ ጆሮው ወደ እኔ። አፈርኩና አቆምኩ።

«አታቁሚ» አለ። «ጫፏ ላይ ልትደርሺ ነበር።»

ፊቴን ቀሚሱ ላይ ደፍቼ ቀጠልኩ። ድምፄ የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሲያልቅ ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ።

«አለች?» አልኩት።

«አለች» አለ።

እውነት ሰምቷት ይሁን፣ ወይስ እኔ ሳደርገው የኖርኩትን አድርጎ፣ አልጠየቅኩትም።

«ጠፍሩስ?»

«ነገ እሄዳለሁ።»

የተበጠሰው ጠፍር እስከ ዛሬ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ባለ ቀሚሷ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች። እኔም እንዲገዛ አላስታወስኩትም።