ማን ነህ የማይል ኮምፒውተር

እናንተዬ፣ በገዛ ቤታችሁ "ማን ነህ?" ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። ያውም በየማለዳው፤ ያውም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፊቴን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ፤ ያውም እኔው ገዝቼ፣ እኔው ተሸክሜ ባመጣሁት፣ ባለቤቴ ደግሞ ዳንቴል ባለበሰችው ዕቃ።

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ በእኛ ሰፈር በር የሚዘጋው ለብርዱ እንጂ ለሰው አይደለም። የመጣ ሰው "ቤቶች!" ይላል። ይበል እንጂ መልስ አይጠብቅም። እናንተ "ማነው?" እስክትሉ አንድ እግሩ ገብቷል፤ "እንዴት አደራችሁ" ሲል ወንበር ስቧል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ስትሉ ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት ማውራት ጀምሯል። አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በሩን አንኳኩቶ ውጭ ይቆማል። እኛም ውስጥ ሆነን "ምነው አይገባም? ተቀይሞን ይሆን?" እየተባባልን እንጨነቃለን። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ኮምፒውተሩ ብቻ ምን ቢጠግብ ነው ባለቤቱን ደጅ የሚያስጠናው?

የይለፍ ቃል ይሉታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ትልቅና ትንሽ በሌለው ፊደል ዕድሜዬን የጨረስኩ። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ትልቅ ፊደል አምጣ አለኝ። አመጣሁ። ቁጥር ጨምር አለኝ። ጨመርኩ። ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀውን አንድ ጠማማ ምልክትም አስጨመረኝ። ይህን ሁሉ ያስቻለኝ አምላክ ይመስገን፤ የታኅሣሥ ውርጭ ግን የሚያስችል አይደለም። በዚያ ብርድ የደነዘዘ ጣት አንዱን ቁልፍ ብሎ ሲሄድ ጎረቤቱ ላይ ያርፋል። የጻፍኩትን አይቼ እንዳላርም ደግሞ በነጠብጣብ ይሸፍንብኛል። የራሴን ምስጢር ከራሴ ደብቆ ሲያበቃ "ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር" ይለኛል። እኔ አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ "ተሳስተሃል" ስል የኖርኩት ሰውዬ!

ይህም ይሁን። የባሰው ባለቤቴ አስካለ ናት። አንድ ቀን ልትከፍተው ሞከረችና እምቢ አላት። "ምን አለህና ነው የምትቆልፈው?" አለችኝ። እስቲ እናንተ ባለትዳሮች ፍረዱኝ፤ ለዚህ መልስ አለው? "ምንም የለኝም" ብትሉ "ታዲያ ለምን ቆለፍከው?" ትባላላችሁ። "አለኝ" ካላችሁ ደግሞ ጉዳችሁ ፈላ። 

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ መነጽሬን ሰክቼ፣ መመሪያውን ከስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ ኮምፒውተሩ ሳይጠይቅ በራሱ እንዲከፍት ለማድረግ ተቀመጥኩ። ነገሩ ከፈራሁት ይቀላል። የተጠቃሚዎች ስም የተዘረዘረበት አንድ መስኮት አለ፤ እዚያ ላይ "ይህን ኮምፒውተር ለመጠቀም ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት ግዴታ ነው" የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ከጎኑም ምልክት ያለባት ሚጢጢ ሳጥን። ምልክቷን ማንሣት ነው፤ በቃ። አነሣኋት። ያን ጊዜ የይለፍ ቃልህን አስገባ አለኝ። አስገባሁ። እስቲ ድገመው አለኝ። ከእንግዲህ አልጠይቅህም ለማለት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ ማለት ነው። አጥፍቼ ሳበራው ግን ዘው! "ማን ነህ" የለ፣ "ተሳስተሃል" የለ። አስካለን ጠርቼ አሳየኋት። "እንዲህ ነው እንጂ የሰው ቤት!" ብላ ዳንቴሉን አስተካከለችለት።

ከመመሪያው ግርጌ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር። "ይህን የምታደርጉት ሌላ ሰው የማይደርስበት ኮምፒውተር ከሆነ ብቻ ነው" ይላል። አላነበብኩትም አልልም፤ አንብቤዋለሁ። ሌላ ሰው ማለት የማናውቀው ሰው መሰለኝ። ሌባ፣ መንገደኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር። በእኛ ሰፈር ጎረቤት መች ሌላ ሰው ይባላል?

አሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ክፉ ነገር እንዳታስቡብኝ። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ለቅሶው ይቀልጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቀብሩ ለነገ ነው፤ አንዱ እየሮጠ መጥቶ "መምህር፣ ቶሎ ጻፍልን" ይላል። አባትህ የት ተወለዱ? አያውቅም። መቼ? "እናቴን ልጠይቃት" ይላል፤ እናቱ ራሷን ስታ ውሃ እየተረጨባት ነው። አንድ ጊዜ የጫጫውን ሰው የለሚ ተወላጅ ናቸው ብዬ ሳነብ ዘመድ ከነፍጡ ከጫጫ መጥቶ ኖሮ፣ ሬሳው መሐል ቆሞ ክርክር ተነሣ። ደግሞ ልክ ማተም ስትጀምሩ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ብልሃት አበጀሁ። ሽማግሌዎቻችን በጤናቸው ሲያወጉ እሰማና ቤቴ ገብቼ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ሁሉንም ነገር እጨርሰዋለሁ፤ ክፍት የምተወው ቀኑን ብቻ ነው። ይኸ ጥንቃቄ እንጂ ሟርት ነው እንዴ? በእኔ ቤት ማንም አይሞትብኝም፤ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል እንጂ።

ጋሽ መኩሪያ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። የአንኮበር ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያው በአንኮበር መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አሁን ከመሪው አርፈዋል። ከሰዓት በፊት ፀሐይዋ ስትወጣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን አብረን እንሞቃለን። ወዳጄ ናቸው። ይኸን በሕይወቴ ነግሬያቸው አላውቅም፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ቀን እኔ ገበያ ወጥቼ "ቤቶች!" ብለው ገቡ። ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጥኩላቸውን የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ ማየት አምሯቸው ኖሯል። አስካለም ጓዳ ሽንኩርት ትከትፍ ስለነበር "ያብሩት ጋሼ፣ እንደ በፊቱ አይጠይቅም፣ በራሱ ይከፍታል" አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ በራሱ ከፈተ። ፊት ለፊቱ ላይ ፋይሎቹ በስም በስማቸው ተደርድረዋል። ከፎቶው ይልቅ የራሳቸውን ስም አዩ። እናንተስ ብትሆኑ አትከፍቱትም?

ጥቂት ቆይተው "አስካለ" ብለው ተጣሩ።

"አቤት ጋሼ።"

"እኔ ሞቻለሁ እንዴ?"

"ኧረ ጠላትዎ ይሙት! ምን ማለትዎ ነው?"

"ባልሽ ግን ቀብሮኛል" አሉና ወጡ። ፎቶውንም አላዩ፣ ባርኔጣቸውንም ወንበሩ ላይ ረሱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታንሱት። ጋሽ መኩሪያ ዘጉኝ። ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞሩ፤ ያ ግድግዳ ደግሞ ጥላ ነው። እኔን ከማየት መንቀጥቀጥን መረጡ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንገናኝ ሰማዩን ያያሉ። ባርኔጣቸው እኛ ቤት ቀረ፤ ብንልክላቸው ነገሩን ማጥበቅ ይሆናል፣ ባንልክላቸው የሽማግሌ ጆሮ በውርጭ ሊረግፍ ነው። አስካለም በየቀኑ አቧራውን እያራገፈች "ይኸው፣ ሰውዬውን ገደልካቸው" ትለኛለች። "ምን አለህና ነው የምትቆልፈው?" ያለችኝ እሷ መሆኗን ላስታውሳት ፈልጌ ተውኩት።

ወሬውም በባጃጅ ተሳፍሮ ሰፈሩን አዳረሰ። ድንች የምትሸጥልኝ ሴትዮ ቀና ብዬ ሳያት "መምህር፣ በማርያም እኔን አይዩኝ" አለችኝ። አንዱ ሲያስል "እግዜር ይማርህ" ብለው ደንግጦ መንገድ ተሻገረ። "የት ነበር የተወለድከው?" ማለትማ እስከነጭራሹ ቀረ። መልሼ ልቆልፈው አሰብኩ። ግን አሁን ብቆልፈው "ይኸው፣ ደግሞ ማንን ቀብሮ ነው" አይባልም? ከመነሻው የተቆለፈ በር በር ነው፤ ሰው ካየ በኋላ የሚቆለፍ ግን ወንጀል ይመስላል። ክፍት እንደሆነ ተውኩት። ከሁሉም ከሁሉም ግን የግድግዳው ፀሐይ ለብቻ አልሞቅ አለኝ። ናፈቁኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ ሰይድን ለመንኳቸው፤ በሰፈራችን እሳቸው የገቡበት ጠብ አያድርም። ሁለት ሰው ጨምረው ጋሽ መኩሪያ ቤት ተቀመጡ። እኔም ባርኔጣውን በሁለት እጄ ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

"በል መኩሪያ" አሉ ሐጂ። "ይኸ ሰው ምን በደለህ? ተናገርና አላህ ያስታርቃችሁ።"

ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ በልቤ መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ ለሥራ ነው፣ ሟርት አይደለም፣ ሞት ለማን ይቀራል እያልኩ።

"ሞተ ማለቱን ትቼለታለሁ" አሉ። "ሰው ነኝ፣ መሞቴ አይቀርም። ግን ግማሽ ገጽ?"

ሐጂ ሰይድ "ምን አልክ?" አሉ።

"ግማሽ ገጽ! የኔን አንብቤ የሽፈራውን ከፈትኩት። የወፍጮ ቤቱን የሽፈራውን! ገጽ ተኩል! ወፍጮው መቼ እንደተተከለ፣ ድንጋዩ መቼ እንደተቀየረ ሳይቀር አለ። እኔን 'በሹፌርነት አገልግለዋል'። በቃ! አንተ መምህር፣ ያ ቁልቁለት በጉም ሲዘጋ አይተኸዋል? ፍሬን እምቢ ሲልህስ? እኔ አውቶቡሱን ወደ ተራራው አስጠግቼ፣ ጎኑን ከአፈሩ ጋር እያፋቅኩ አቁሜዋለሁ። ሙሉ ሰው ነበር፤ የአራስ ልጅ ሳይቀር። አንዲት ዶሮ በመስኮት ዘላ ጠፋችብኝ እንጂ ሌላ ነፍስ አልጎደለብኝም። እሷንም ለባለቤቷ ተክቻለሁ። 'በሹፌርነት አገልግለዋል!'"

ሐጂ ሰይድ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ ሳቄ አልመጣም። ያንን ሁሉ ዘመን አንድ ግድግዳ ተደግፈን ስለ ድንች ዋጋና ስለ ጉልበታችን ስናወራ ይህን አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ እኔም አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ሽፈራው ስለ ራሱ ሲያወራ ስለሚውል ጻፍኩለት። እሳቸው ዝም ስላሉ የሌላቸው መሰለኝ። አፈርኩ። ባርኔጣውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። ሐጂ ሰይድ እንባቸውን ጠርገው "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም፤ ካሳውም በገጽ ነው" አሉ። ታሪኩ እንደገና ይጻፋል፤ ባለታሪኩ አጠገብ ተቀምጠው ያጽፋሉ፤ እስኪያልቅም ኮምፒውተሩ እንዳይቆለፍ። ጉልበት ተሳሳምን፣ ተመረቅን፣ ተለያየን።

አሁን ጋሽ መኩሪያ በየማለዳው ይመጣሉ። እኔ ከአልጋ ሳልወርድ እሳቸው አብርተው፣ ፋይሉን ከፍተው፣ ትናንት የጻፍኩትን ጮክ ብለው ያነባሉ። "ይኸ ጠመዝማዛ ከዚያኛው በፊት ነው፣ አስተካክለው" ይላሉ። የተሳፋሪ ስም ይጠራሉ፣ የጎማ ታሪክ ያመጣሉ። የዶሮዋ ብቻ አንድ ገጽ ሆኗል። ትዕግሥቴ የሚያልቅበት ቀን አለ፤ እናንተም ብትሆኑ አንድን መንገድ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጣት እየጻፉ መውረድን ሞክሩትና ንገሩኝ። ሽፈራውን አልፈነው ከሄድን ቆይቷል። ያም ሆኖ በየጊዜው "የሱ አልተጨመረበትም?" ብለው ይጠይቃሉ። ድንች ሻጭዋ ሳትቀር ሰሞኑን ድንቹን ከመመዘኗ በፊት የት እንደተወለደች ነገረችኝ።

ትናንት እንደምንም ብለን መጨረሻው አንቀጽ ላይ ደረስን። ያቺው ለሁሉም የምጽፋት የተለመደችው ናት። "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" ትላለች። ጋሽ መኩሪያ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ ጫኑና ዐረፍተ ነገሯን ከዳር እስከ ዳር ተከተሏት።

"ይኸ ሕመም ምንድነው?" አሉኝ።

"እሱ ገና አልታወቀም ጋሼ።"

"ያላወቅከውን ለምን ጻፍከው?" አሉና መሰረዣዋን ቁልፍ ፈልገው፣ አግኝተው፣ ረገጥ አደረጓት። ዐረፍተ ነገሯ ከኋላዋ እየተበላች፣ ፊደል በፊደል ጠፋች። ጣታቸውን ያነሡት ከአራት ነጥቡ እስከ "ባደረባቸው" ድረስ ጭራሽ ነጭ ከሆነ በኋላ ነው።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ታሪኩ በምን ያልቃል?" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ደፉና ከወንበሩ ተነሡ።

"አንተ ምን አስቸኮለህ?" አሉኝ።