የተጨመረችው «ለ»

ነፃነቱን የሚወድ ተቋም በየአገሩ አይጠፋም። እንደ ነፃው የእንቅልፍና የጀርባ ጥናት ተቋም ነፃነቱን በፍሬም አስገብቶ የሰቀለ ግን የለም፤ አለ የሚል ካለም ፍሬሙን ያሳየን።

ከመግቢያው በር በላይ በትልልቅ ፊደል «ለማንም አናጎበድድም» ተብሎ ተጽፏል። ሰሌዳውን በደግነቱ ያሠራው የፍራሽ ፋብሪካ ነው። ከጽሑፉ ሥር የፋብሪካው ምልክት አለ፤ የሚያንኮራፋ በግ። በጉ ከፊደሉ ጥቂት ተለቅ ይላል እንጂ ማንበብ አይከለክልም። ወንበሩም፣ መጋረጃውም፣ ዳይሬክተሩ ስለ ነፃነት የሚናገሩበት ማይክሮፎንም የፋብሪካው ስጦታ ነው። ማይክሮፎኑ ድምፁ ግሩም ሲሆን «ነፃነት» የምትለዋ ቃል ላይ ብቻ ይቆራረጣል። ይህ የመብራት ችግር ነው።

በዚህ ቤት አንዲት ተመራማሪ ነበረች። ባልደረቦቿ ቱምቢ ይሏታል። ቱምቢ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይባት፣ ጫፏ ላይ ብረት የተንጠለጠለባት ክር ናት። ስሙ የወጣላት ነገር ቀጥ አድርጋ ስለምትናገር ነው፤ ደግሞም እውነተኛ ቱምቢ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ከእንቅልፉ የተነሳን ሰው ግድግዳ ሥር ታቆምና ክሯን ከማጅራቱ ለቃ ጀርባው ምን ያህል እንደተጣመመ ታያለች። ትምህርት ማለት ይህ ነው።

ያን ሰሞን የከተማው የአረጋውያን መኖሪያ ፍራሽ ሊቀይር ተነሳ። ኃላፊው «ተቋሙ ጥሩ ነው ያለውን እንገዛለን» ብለው ቃል ገቡ። ቱምቢን ከልጅነቷ ያሳደገቻት አክስቷ እዚያው ነው የምትኖረው፤ ስለዚህ ነገሩ ለቱምቢ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ፋብሪካው አዲሱን ፍራሹን ላከ፤ ፈቃደኞች ተኙበት።

ቀጥ ብለው ተኝተው እንደ መንጠቆ ሆነው ተነሱ። ሲገባ ግንባሩ የበሩን ጉበን የሚመታው አንድ ረጅም ሰው፣ ሲወጣ የጫማውን ክር ቆሞ አሰረ ይባላል። ሌላውም ከጠፋ የቆየ ቁልፉን መንገድ ላይ አገኘ፤ ዓይኑ ከመሬት አይነሳማ።

ቱምቢ የጥናቷን ውጤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቋጨችው፦ «ይህ ፍራሽ ጀርባን ያጎብጣል።»

ዳይሬክተሩ አስጠሯት። መጀመሪያ በጥናት ውጤት ጣልቃ እንደማይገቡ፣ ጣልቃ ቢገቡ የነፃነት ጥበቃ ኮሚቴው እንደማይምራቸው በሰፊው አስረዷት።

«የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ነው?» አለች ቱምቢ።

«እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። ውጤቱ ድንቅ ነው አሉ፤ አንዲት ቃል ብቻ ጆሮ ላይ ሻከር አለችባቸው።

«ያጎብጣል የምትለዋ። ‹ጣ› ትከብዳለች፤ ‹ታ› አድርጊያት። መሃሏ ላይ ደግሞ አንዲት ‹ለ› ጣል አድርጊ። ያጎለብታል። አየሽ እንዴት እንደምትጥም? ይህ የፊደል እርማት ነው እህቴ፣ ውጤቱን ማን ነካው?»

«‹ለ›ዋ ለማን ናት?»

«ምኗ ለማን?»

«የምትጨመረዋ።»

ዳይሬክተሩ በድንገት ስብሰባ እንዳለባቸው አስታወሱ። ቱምቢም በእኔ እጅ አይሆንም፣ አክስቴ ልትተኛበት ነው ብላ ወጣች። እሳቸው ግን ትሑት ሰው ናቸው፤ ዳይሬክተር ነኝ ሳይሉ እስክሪብቶ አንስተው ‹ለ›ዋን በገዛ እጃቸው አስገቧት። ፋብሪካውም ለውለታቸው ከዚያው ፍራሽ አንዱን ቤታቸው ድረስ ላከላቸው። ስጦታ አይመለስምና ተኙበት።

ውጤቱ የሚበሰርበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ ቱምቢ ከመድረኩ ጥግ ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች። ከፊት የመኖሪያው ኃላፊ፣ ከጎናቸው አረጋውያኑን ወክላ የቱምቢ አክስት ተቀምጣለች። ዳይሬክተሩ ነፃነታችን የማይነካ መሆኑን፣ ማይክሮፎኑ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ አብራርተው «ይህ ፍራሽ ጀርባን ያጎለብታል» ሲሉ አወጁ። ባለፋብሪካው ቀጥ ብለው መድረክ ላይ ወጡ። የእሳቸው ወገብ እንደ ዘንግ ነው፤ የሚተኙት ከውጭ በመጣ ፍራሽ ነው።

ዳይሬክተሩ ለሰላምታ ጎንበስ አሉ።

አልተነሱም።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ይህን ያህል አክብሮት ታይቶ አይታወቅማ። ባለፋብሪካውም ልባቸው ተነክቶ፣ ይበቃል ወንድሜ፣ ይነሱ፣ አሉ። ዳይሬክተሩ ከታች ሆነው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ የሰማችው ቱምቢ ብቻ ናት።

«ቱምቢ፣ ነይማ እስቲ። ወገቤ እምቢ አለኝ።»

ሄደች። ሥራ ሥራ ነውና ክሯን ከማጅራታቸው ለቀቀችው። ብረቷ ከጫማቸው አልፋ ባለፋብሪካው እግር ሥር አረፈች።

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። አክስት ከወንበሯ ሳትነሳ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች።

«የጎለበተው ይሄ ነው ልጄ?»

ቱምቢ ዳይሬክተሩን አየች፤ ዳይሬክተሩ መሬት መሬት ያያሉ። «አዎ እታባ» አለች።

«እንግዲያው ለእኛ ይቅርብን። እኛ ማጎንበሱን ያለ ፍራሽም ችለንበታል።»

ኃላፊው ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው አክስትን ደግፈው ወጡ። ፍራሹም አልተገዛ።

በማግስቱ ባለፋብሪካው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። በቁጭት የተናገሩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «በዚህ ተቋም ጥናት ማንም እንዳይታለል። ነፃ አይደለም። ወጪውን የምንሸፍነው እኛ ነን።»

ወንበሩ ሄደ፣ መጋረጃው ሄደ፣ በጉም ከነሰሌዳው እያንኮራፋ ሄደ። ተቋሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ነፃ ሆነ፤ የሚቀመጥበት ግን አጣ።

ግን ደግ ሰው አያልቅም። አንድ የከዘራ ፋብሪካ ተገኘ። አንድ ጠዋት ቱምቢ ስትገባ በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «ለማንም አናጎበድድም»፣ ከሥሩ ከዘራ። ዳይሬክተሩ አዲሱን ከዘራቸውን ተመርኩዘው በረንዳው ላይ ይጠብቋታል።

«አየሽ እህቴ፣ ነፃ ተቋም ያለ ድጋፍ አይቆምም። የሚቀጥለው ጥናትሽ በዚህ ላይ ነው።»

ቱምቢ ቦርሳዋን ከፍታ ክሯን ከከዘራው እጀታ ሥር ለቀቀችው። ብረቷ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዛ ቆመች።

«ጎብጧል ጋሼ።»

ዳይሬክተሩ ዙሪያቸውን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ አባት መከሯት።

«‹ለ›ዋ የት ሄደች? ጎልብቷል በይ እንጂ።»