ዘመም ያለው ፊደል

ሰው ኮምፒውተር ሲለምድ መጀመሪያ የሚይዘው በሽታ ፎንት መቀያየር ነው። ጽሑፉ ሳያልቅ ርዕሱን ያወፍራል፣ ያቀጥናል፣ ያጋድማል። እኔም አልተረፍኩም። ጂንካ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አሠልጣኝ ነኝ፤ የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ከተጫነ ወዲህ ዜማውን ትቼ ፊደሉን ሳሽሞነሙን እውላለሁ። ምን ላድርግ? ዜማ አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ፤ የፊደል ነገር ግን ማለቂያ የለውም።

የእኛ ፊደል ደግሞ መዝመም አይወድም። ሶፍትዌሩ ገና ሲያየው ባዶ ሳጥን ይደረድርልኛል። ታግዬ ታግዬ አንድ የሚታዘዝ ፎንት አገኘሁና «ቀስ ብሎ»፣ «ለስለስ አድርጎ» የሚሉትን ማሳሰቢያዎች ዘመም አድርጌ ጻፍኩ። ለመዘምራኑም፣ ዘመም ያለ ፊደል ትእዛዝ ነውና አፋችሁን እንዳትከፍቱበት ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ምን ያስጠነቅቃል አትበሉኝ፤ አንድ እሁድ «ቀስ ብሎ» የሚለውን ራሱን በአራት ድምፅ ዘምረውታል።

ከዚያ ጋሽ ማርቆስ መጡ። ሟች ባለቤታቸው በአካባቢያችን ቋንቋ በአሪኛ የደረሰችውን መዝሙር እኛ ለዓመታት የምንዘምረው በአማርኛ ትርጉሙ ነው። ሽማግሌው ለምስጋናው ቀን እንደው አንድ ጊዜ በራሷ ቃል ብሰማው አሉኝ። እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? ከአማርኛው ቀጥሎ አሪኛውን አስገባሁ። እንደ ፈረንጅ መጽሐፍ ሁለተኛው ቋንቋ ይለይ ብዬም በኩራት ዘመም አደረግኩት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወረቀቱ የታተመው በምስጋናው ቀን ጠዋት ነው፤ ለመለማመድ ጊዜ አልነበረም። ቢሆንስ? ዜማውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከመዘምራኑም አብዛኞቹ አሪኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡ ናቸው።

አማርኛው አለቀ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዜማውን ደገመ። መዘምራኑ ግን እንዳስጠነቀቅኳቸው አፋቸውን ገጥመው፣ ወረቀታቸውን በትኩረት እየተመለከቱ ቆሙ። እጄን ባወናጭፍ ጭራሽ ጸጥ አሉ። ጋሽ ማርቆስ ከፊት ወንበር አንገታቸውን ቀና አድርገው እንደጠበቁ ዜማው ተፈጸመ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከጸሎቱ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ጥፋቱ የመዘምራኑ ሳይሆን የእኔ መሆኑንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው የእሷ የቱ ነው አሉኝ። አሳየኋቸው። ብዙ አዩትና ለምን እንደተጋደመ ጠየቁኝ። ከአማርኛው እንዲለይ፣ እንዲያምርም ነው ብዬ ፈረንጆቹ ኢታሊክ ስለሚሉት የዘመም ፊደል ጥበብ ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝና ወረቀቱን መለሱልኝ።

እሷ እኮ ቆማ ነበር የምትዘምረው አሉኝ።