ቁርጥ ደመወዝና የአያ ቃሲም ሲሶ

በጣና ዳር ያለ መንደር ሁሉ ደብር ባይኖረው፣ መስጊድ ባይኖረው፣ አንድ አካፋይ ሽማግሌ አያጣም። ሁሉን ነገር ካልተካፈለ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ጎረቤቱ ብቻውን ቢያስነጥስ እንኳ «የእኔስ ድርሻ?» የሚል ዓይነት ሰው። እናንተም አንዱን ታውቁታላችሁ። የእኔው ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

የእኔው ክቡርነታቸው አያ ቃሲም ናቸው፦ የመቅዘፊያ ደጃዝማች፣ የሲሶ ሊቀ ሊቃውንት። ታንኳ ሠሪ፣ የታንኳ ሠሪ ልጅ፣ ሰላታቸውን ሐይቁ መሐል እንኳ የማያሳልፉ። እኔ ሣህሉ ደግሞ የደቅ ደሴት የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ቅኔው አልገባ ብሎኝ ከጉባኤ ቤት የወጣሁ። ስድስት ዓመት እሳቸው ከኋላ እኔ ከፊት ሆነን ቀዝፈናል። ከቆላ ድባ ገበያ የወረደውን ጤፍ በሰሜኑ ዳርቻ እንጭንና፣ ቀናት ፈጅተን ባሕር ዳር እናደርሳለን።

የጭነቱ ዋጋ በሦስት ይከፈላል። ሲሶው ለፊት ቀዛፊ፣ ሲሶው ለኋላ ቀዛፊ፣ ሲሶው ለታንኳዋ ነው። ታንኳ የሚታሰርበት የሐይቅ ዳር ሣር፣ ደንገሉ፣ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳልና ታንኳዋም በየጥቂት ወሩ አዲስ ገላ ትፈልጋለች። ይህ የአገሩ ሁሉ ደንብ ነው፤ አያ ቃሲም ግን ደንቡን ሃይማኖት አደረጉት።

አንድ ቀን ማዕበል መታንና ሁለት ቁና ጤፍ ረጠበ። ባለጤፉ ከዋጋችን ቀነሰና የረጠበውን ጣለልን። አያ ቃሲም ጉዳቱን ለሦስት ከፈሉት። «የታንኳዋስ ሲሶ እንዴት ሊሆን ነው?» አልኋቸው፤ ቀልዴን ነበር። እሳቸው ከረጠበው ጤፍ ሲሶውን ለክተው ታንኳዋ አፍንጫ ላይ አፈሰሱት። «እሷም ትቅመሰው እንጂ!» አሉ። ወፍ ለቀመው።

ሌላ ጊዜ ውሻ እግሬን ነከሰኝ። «ውሻው መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ አንተ መሐል ገብተህ ነው» ብለው ሳምንቱን ሙሉ አብረውኝ አነከሱ። እናቴ የሞተች ጊዜማ ደቅ ድረስ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ከዚያ አልተነሡም። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው «የለቅሶውን ሲሶ ጨርሻለሁ፤ የቀረው የአንተና የአባትህ ነው» አሉኝና ሄዱ። እንደ እሳቸው ያስተዛዘነኝ ሰው ግን የለም።

ክርክር ሲነሣ መዝጊያቸው አንድ ነው፦ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» ይህን የማይሰሙት ባለቤታቸው እትዬ ጦይባ ብቻ ናቸው። ክረምት ገብቶ ጭነት ሲጠፋ፣ «አንተ ሰው፣ የባዶ ሲሶ ባዶ ነው! ሲሶ ነፋስ ወጥ ይሆናል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሁለት ክረምት ጦሜን አድሬ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ባሕር ዳር ላይ ወደብ ጀመረ፤ በሞተር የምትሄድ ጀልባ አመጣ። ውሃ ውስጥ ያለውን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ቸገረውና አያ ቃሲምን አስጠራቸው። እኔም ተከትዬ ገባሁ። የወደቡ አለቃ በአስተርጓሚው በአካሉ አፍ እንዲህ አለ፦

«በወር ዘጠና ሊሬ። ነፋስ ቢነፍስ ባይነፍስ፣ ጭነት ቢኖር ባይኖር፣ ቁርጥ ነው።»

«ከጭነቱስ?» አሉ አያ ቃሲም።

«ከጭነቱ ምንም።»

«ጀልባዋ ብትሰምጥስ?»

«እሱ አንተን አይመለከትህም።»

አያ ቃሲም ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «እንግዲህ ነፋስ ቢነፍስ ባይነፍስ የሚከፈለው ሰው፣ ነፋሱን ምን ቆርጦት ያያል?» አሉ። አካሉ ይህን ይተርጉመው አይተርጉመው እንጃ፤ አለቃው ግን ሳቀ። አያ ቃሲም ሲሶ ጠየቁ፤ እንቢ ሲባሉ ወደ ሩብ ወረዱ፤ ከሩብ ወደ አሥራት። ዘጠና ሊሬ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶላቸው እሳቸው ከጭነቱ አሥራት ይለምናሉ! በመጨረሻ ያችን ተረታቸውን ተርተው ወጡ።

ቦታው ለእኔ ደረሰ፤ በስድሳ ሊሬ። ሠላሳው የት እንደገባ አካሉን ጠይቁት። ለምን ገባህ ብትሉኝ፣ ጠግቤ ማደር አማረኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስነግራቸው አያ ቃሲም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደድሁ። «በል ጥገብ፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ።

ጠገብሁ። ሥራዬ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ማሳየት ነው። በወሩ መጨረሻ ተሰልፌ ወረቀቴን እቀበላለሁ። ነፋሱ ቢያንገላታኝ የብቻዬ፣ ቢቀናኝም የብቻዬ። ስድሳዬ ከማንም ጋር አትጣላ፣ ከማንም ጋር አትታረቅ። የጣሊያን ደመወዝተኛ ደግሞ ገበያ ላይ ሰላምታው ግማሽ ነው፤ ሰው እጁን ይሰጠኛል፣ ዓይኑን ይነሣኛል። አብረውኝ የሚሠሩትም ቢሆኑ እያንዳንዱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ጎጆው ነው። ሆዴ ሞልቶ ሆዴ ይባባ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

አንዳንድ ቀን ሐይቁ ላይ አያቸዋለሁ። ብቻቸውን። ጎልማሳው ሁሉ ቁርጥ ደመወዝ ወዶ ሌላ ቀዛፊ አላገኙም። ለብቻ ጤፍ አይጫንምና ጥቂት ማገዶ ያመላልሳሉ። እኛ በአጠገባቸው ስናልፍ የጀልባዋ ማዕበል ታንኳዋን ያንገላታል። እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ አፍር ነበር።

አንድ ወር ሃያ ሊሬ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። የስድሳ ሲሶ መሆኑ ነው። «ያልቀዘፍሁበትን አልበላም» ብለው መለሱልኝ። እትዬ ጦይባ ከጓዳ ሆነው፣ «እኔ እቀዝፍበታለሁ፤ አምጣው ወዲህ!» አሉ። ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ጉዴ ፈላ። በግንቦት የጣና ውሃ ይጎድላል፤ በመስከረም ጥልቅ የነበረ ድንጋይ በግንቦት ከጀልባ ሆድ ይደርሳል። ይህን የሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ አፍንጫዋ ላይ ተቀምጬ ስለ ምሳዬ አስብ ነበር። ጀልባዋ ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ሆዷ ተቀደደ፤ ሠላሳ ጆንያ ሲሚንቶ ሐይቅ ገባ። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን።

አለቃው «ጫካ ላሉት ሽፍቶች ብለህ ሆን ብለህ ነው» አለኝ። አካሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ነገሩን አስረዳኝ፦ ሆን ብዬ ከሆነ የስቅላት ገመድ፣ በስሕተት ከሆነ ሠላሳ ቀን ድንጋይ ማጋዝ። ስሕተት መሆኑን የሚመሰክር ሰው ካለህ አምጣ ተባልሁ። አብረውኝ ጀልባዋ ላይ የነበሩት ደመወዝተኞች አንድ በአንድ ተጠየቁ። አላየንም አሉ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን እዚያ ቆሜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ እንዳልኖርሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚህ መሐል አያ ቃሲም ሳይጠሩ ገቡ።

«ያን ድንጋይ ያሳየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በመስከረም አሳይቼው በግንቦት ሳላሳየው ቀረሁ። ልጁ ሳያውቅ ነው የወጣበት። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ውሸት! ስድስት ዓመት በየግንቦቱ አንገቴን ጠምዝዘው አሳይተውኛል። እኔ ነኝ የረሳሁት፤ ድንጋይ ብመታ ባልመታ ስድሳዬ አይቀርብኝም ብዬ።

«እና ሽማግሌው ምን ይፈልጋል?» አለ አለቃው።

አካሉ ግራ ገብቶት አያ ቃሲምን ሁለቴ ጠየቃቸው። ኋላም ተረጎመ፦ «ከቅጣቱ ሲሶ ይገባኛል ይላል።»

«ሁለት ሲሶው የዚህኛው መሆኑ ነው?»

«የለም» አሉ አያ ቃሲም። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሣህሉ፣ አንዱ የጀልባዋ ነው። እሷ የእሷን ጀምራለች፤ ይኸው ተቀድዳ ተኝታለች።»

አለቃው ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ሆን ብሎ ጀልባ የሰበረ ሰው እንዲህ ያለ ምስክር አይኖረውም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ነገሩን በስሕተት ዘጋው። የጀልባዋን አሥር ቀን ግን እኔ ላይ ደረበው። ሃያ ለእኔ፣ አሥር ለአያ ቃሲም።

በማግሥቱ ከሹም አቦ ሰፈር በኩል ወደ ወደቡ ድንጋይ ማጋዝ ጀመርን፤ ማታ ማታ ዘበኛ አንድ ክፍል ውስጥ ይቆልፍብናል። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው! አንድ ሰው የሚችለውን ድንጋይ «ለሁለት ነው» ብለው ጫፉን ይይዙብኛል፤ ይባስ ብሎ ይከብዳል። ጀርባዬ ተልጧል፣ ቂጣው ድንጋይ ነው፣ እሳቸው ከጧት እስከ ማታ ያወራሉ። ስለ ደንገል፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ እትዬ ጦይባ ምላስ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰው ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

አሥረኛው ቀን ደረሰ። ዘበኛው ከሥራ መልስ በሩን ከፈተና «ሽማግሌ፣ ጨርሰሃል፤ ሂድ» አለ።

«ስንት ሆነ?» አሉ አያ ቃሲም።

«አሥር።»

«ተሳስተሃል፤ ዘጠኝ ነው።»

ቅንጣት ጤፍ ሲያካፍሉ ተሳስተው የማያውቁት ሰውዬ! በማግሥቱም ተጠየቁ፤ ዘጠኝ ነው አሉ። ዘበኛው ለነጻ ጉልበት ምን አጨቃጨቀው፣ ተዋቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን እኔን አላስችል አለኝ።

«አያ ቃሲም፣ ኧረ ጀርባዎ! እትዬ ጦይባስ ምን ይላሉ?»

«አንተ ቁጥር የለመድኸው ጣሊያን ቤት ነው» አሉኝ። «ዝም ብለህ ያዝ በዚያ በኩል።»

በሃያኛው ቀን በሩ ለእኔም ተከፈተ። አያ ቃሲም የጋቢያቸውን አቧራ አራገፉና ወደ ዘበኛው ዞረው፣

«ዛሬ አሥር ሞላ» አሉት።