በደጀኔ ልብ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

አርፋችሁ ተቀመጡ እስቲ! አንተ በሩ ላይ የተገተርከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርድ አስገባህብን። ትርሲት፣ አንቺ ጻፊ። ያልኩትን ነው እንጂ እንዳታሳምሪልኝ። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴ ሳይበርድ ነው መጻፍ ያለበት።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ይኼን የተረተው ሰው የእኛን ዘመድ አያውቅም ነበር። እኛ ዘንድ በሽታ የሚሸሽገው በሽተኛው አይደለም፤ ዘመድ ነው፣ ያውም ከራሱ ከበሽተኛው! ሰውዬው ሐኪም ፊት ይቀርባል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ተገላብጦ ይታያል። ውጤቱ ሊነገር ሲል «አንተ ውጪ ሻይ ጠጣ» ይባላል። እናንተም አንድ ቀን ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ሻይ ከተጋበዛችሁ፣ ስኳሩን አታማስሉ። ተመልሳችሁ ግቡ።

የዚች የምትጽፈው ልጅ አባት፣ ታናሽ ወንድሜ ደጀኔ፣ በቅሎ አከራይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ሲወጣ ኖረ። ዘንድሮ ግን ዳገቱ ያንገላታው ጀመር፤ በቅሎዋ ቆማ ትጠብቀዋለች። ጎንደር ወሰድነው። የልብ ሐኪሙ መርምሮት አፉን ሊከፍት ሲል፣ የሁላችንም ታላቅ ነኝ የሚለው የአጎታችን ልጅ አያ ታደሰ «ደጄ፣ እስቲ ሻይ ጠጣ» አለው። ወጣ። የደጀኔን ልብ ጉድ እኔና አያ ታደሰ ሰማን።

ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ተዘግተዋል። ከእግሩ የደም ሥር ተወስዶ ደሙ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ይሠራለታል። ይኼ አንድ። ሌላው፣ ልቡ ውስጥ ያለው በር አልገጥም ብሎ ያፈሳል፤ ወደፊት የሄደው ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። «ማፍሰሱ ትንሽ ቢሆን በሩን ሳንነካ ልንተወው እንችል ነበር፤ የሱ ግን በዝቷል። ደረቱ ለደም ሥሩ ከተከፈተ በሩም አብሮ ይሠራ» አለ ሐኪሙ። ወይ ዙሪያውን ቀለበት ሰፍተው ያጠብቁታል፣ ወይ ይለውጡታል። የሚለወጠው ወይ በብረት ነው፣ ወይ ከእንስሳ በተሠራ። ብረቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ግን ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ ኪኒን መዋጥና በየጊዜው ደም መለካት አለ። የእንስሳው ይኼ ችግር ብዙም የለበትም፤ ግን ከዓመታት በኋላ ያረጃል። «እሱ ራሱ የትኛውን እንደሚመርጥ ጠይቁትና ንገሩኝ» አለን።

ጠይቁት አለ እኮ! ጻፊ፣ አስምሪበት።

አያ ታደሰ ገና ከበር ስንወጣ «ከሰማ ይሞታል» አለ። «ካልሰማማ ዳገት ሲወጣ ይሞታል!» ስለው፣ «አንቺ አፍሽ አያርፍም» ብሎ እንዳልናገር በእናቴ አጥንት አስማለኝ። ለደጀኔ «ጨጓራ ነው» ተባለ። ያ ሁሉ የልብ ኪኒንም የጨጓራ ተብሎ ተሰጠው።

እሑድ ዳባት አያ ታደሰ ቤት ዘመድ ተሰበሰበ። ልጃገረድ የምትዳር ነበር የሚመስለው። አንዱ «ብረት ይሁንለት፣ ብረት ምን ይሆናል» ይላል። ሌላው «እንስሳው ምንድነው?» አለ። «ወይ ከላም ወይ ከአሳማ» ብዬ ስናገር ቤቱ ተናወጠ። አሳማ! አክስታችን ሦስቴ አማተቡ። «እሺ የላምስ ቢሆን፣ በጾም እንዴት ሊሆን ነው?» አለ አንዱ ደግሞ። የነፍስ አባታችን ታገሡ ታገሡና «ልጆቼ፣ ጾም በአፍ ለሚገባው ነው፤ ደረት ውስጥ ለሰፉት ማን ቀኖና ሰጠ?» አሉ። እንዲያም ሆኖ ዝም ያለ የለም።

ይኼ ሁሉ ሲሆን በሩ ተከፈተ። ደጀኔ ነው። ግንባሩ ላብ፣ እጁ ላይ የኪኒን ፓኬት።

ለካስ ጎረቤቱ ኑሩ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው፣ እውነተኛ ጨጓራ አለበት። የእኛ ደግ «እኔ ተሽሎኛል፣ አንተ ዋጠው» ብሎ ኪኒኑን ሰጥቶታል! ኑሩ አዙሮት ሱቁ ውስጥ ወደቀ፤ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ነርሷ «የልብ መድኃኒት ማን ሰጠህ?» አለችው። እግዜር ይስጣትና ኑሩ ተረፈ። ደጀኔም ያለ መድኃኒት ዳገት ሲወጣ መሰንበቱን ያኔ አወቀ።

«ኧረ ተቀመጥ ደጄ፣ ሻይ...» አለ አያ ታደሰ።

«ሻይ በቃኝ አያ!» አለ። «እኔ በቅሎ ስሸጥ ገዢና ሻጭ በራሷ ላይ ይከራከራሉ፣ ጥርሷን ያያሉ፤ እሷን የሚጠይቃት የለም። እኔም ጥርሴን አሳየኋችሁ እንዴ?»

ያን ጊዜ የእናቴን አጥንት ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማ። አልሞተም! አሰብ አደረገና «ከቻሉ ይጠግኑት። ካልሆነ የላሙን ያድርጉልኝ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጎንደር አውርዶ ደሜን የሚያስለካልኝ ማነው? ሲያረጅ ያኔ እናያለን» አለ። ያን ሁሉ ሰው ያቃተውን እሱ እንዲህ ቆረጠው።

አያ ታደሰም እግሩ ላይ ወድቆ «ሁለተኛ አይለመደኝም» አለ። ነገ ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ይዘነው እንሄዳለን። ልቤም አረፈ። እኔ ራሴ ያን ዕለት ጎንደር እግረ መንገዴን ታይቼ ነበር፤ ይቺ ጎኔ ላይ ያለችው እብጠት ቆየችብኝ። ውጤቱን ትናንት አያ ታደሰ ሄዶ ተቀበለልኝ፤ ምንም አይደለም፣ ጨጓራ ነው አለኝ...

ቆይ እስቲ። ጨጓራ?

ትርሲት፣ ቀና በይ። ቀና በይ እኔን እዪኝ! ለምንድነው የምታለቅሽው?

«እቴነሽ! አንቺ እቴነሽ! ነይ እስቲ ወዲህ፣ ሻይ ቀርቦልሻል!»

ሰማችሁት? አያ ታደሰ ነው። መጣሁ አያ! ሻዩን ራስህ ትጠጣዋለህ፣ እኔ ግን ዛሬ የምርመራ ወረቀቴን ካላየሁ አልለቅህም!