በሞቴ፣ አንተ ቅደም

በእኛ ከተማ በር የተሠራው ሰው እንዲገባበት ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። በር የተሠራው ሰዎች ፊቱ ቆመው «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» እንዲባባሉበት ነው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች እኩል በር ላይ ከደረሱ ጉድ ፈላ። አንዱ የሌላውን ክንድ ይይዛል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል። ዝናብ ቢመጣ ሁለቱም ይበሰብሳሉ እንጂ ቀድሞ የሚገባ የለም። እነዚሁ ሰዎች ታክሲ ሲመጣ ግን በክርናቸው ጎናችሁን ደቁሰው ነው የሚሳፈሩት። እኔ በበኩሌ «አንተ ቅደም» ከልብ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አክብሮት ነው እንጂ! አክብሮት ደግሞ ከልብ መሆን አለበት ያለው ማነው?

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ፕሮግራም ልነግራችሁ ብዬ ነው። ግራ ገባችሁ? እኔም ግራ እንደገባኝ ነው የምጽፈው፤ አብረን እንጓዝ።

ሥራዬ ፕሮግራመር ነው። ይህን ስናገር ሰፈርተኛው የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይመጣልኛል፤ አልጠግንም ስል ኩራት ይመስለዋል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከወፍጮ ቤት በላይ ባለች ክፍል ሦስት ሆነን እንሠራለን። ወፍጮው ሲነሣ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ቤት ስንሄድ ቅንድባችን ላይ ዱቄት አለ። ታላቃችን ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ እኛ ሳንወለድ ኮምፒውተር የነኩ፣ ጡረታ ወጥተው ቤት መቀመጥ ያቃታቸው ሰው። ሌላው ማቲዎስ ነው፤ የሶዶ ልጅ፣ አእምሮው ምላጭ፣ ይሉኝታው ግን ልክ ያጣ። በር ላይ ድመት ብታጋጥመው ቆሞ ያሳልፋታል። ሰሞኑን ደግሞ ራሱን ያመዋል መሰለኝ፣ ታች ታክሲ መያዣው ጋ ካለው መድኃኒት ቤት አይጠፋም። መሳቢያው ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ የራስ ምታት ኪኒን ሞልቶታል።

የተሰጠን ሥራ ለሰፈሩ እድር ፕሮግራም መሥራት ነበር። ለሦስት ተከፋፈልነው። ማቲዎስ የእድርተኞቹን መዝገብ ያዘ፦ ማን አባል ነው፣ የት ይኖራል፣ ስልኩ ስንት ነው። እኔ ንብረቱን ያዝኩ፦ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ዋናውን ያዙ፦ ሰው ሲሞት ፕሮግራሙ ድንኳን ይመድብና ለአባላቱ ሁሉ በስልክ መርዶ ይልካል። እንግዲህ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ለብቻችን ጽፈን ስንጨርስ ከጋራው ሥራ ጋር እንቀላቅለዋለን፤ በእኛ ቋንቋ «መርጅ ማድረግ» ይባላል። ቁልፍ መጫን ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ተአምሩ ያለው ተራው ላይ ነው። የእኔ ሥራ የማቲዎስን ተደግፎ ቆሟል፤ የጋሽ ደምሴ ደግሞ የእኔን ተደግፏል። ድንኳን እንደ መትከል ነው፦ መጀመሪያ ምሰሶ፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ ገመድ። በገመዱ የሚጀምር ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ ሦስት ሆነን ነው የጀመርነው።

ይህን ተራ እንድጠብቅ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ማቲዎስ «ተራ አስከባሪ» የሚል ስም አወጣልኝ። የታክሲ ተራ አስከባሪ ቢያንስ ይጮሃል፣ ቢያንስ የመኪና ጎን ይደበድባል። እኔ ግን ምን ጉልበት አለኝ?

ነገሩ ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተጨነቅኩ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ከዚያም በላይ የብሩክታዊት አባት ናቸው። ብሩክታዊት ማናት ትሉኝ ይሆናል። ስሟን ስጽፍ ፊደሉ ሲጣመምብኝ የወፍጮው ጥፋት ነው የምለው ልጅ ናት። ፕሮግራሙን ቅዳሜ ለእድሩ ሽማግሌዎች አሳይቼ፣ በሳምንቱ እሑድ ደግሞ እነ ጋሽ ደምሴን ሽማግሌ አድርጌ ቤታቸው ልልክ አስቤያለሁ። ብሩክታዊት ቀድማ አስጠንቅቃኛለች፤ አባዬ አንዴ የተበላሸ ዕቃ ያመጣለትን ሰው ዳግመኛ ሱቁ ደጃፍ አያስደርሰውም፣ ልጁን ሊሰጥ ይቅርና ብሎን አይሸጥለትም ብላኛለች። እወዳታለሁ፤ አነጋገሯ ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ዓርብ ከሰዓት ሦስታችንም ጨረስን። ማቲዎስ፣ በል ግባ፣ መጀመሪያ ያንተ ነው አልኩት። እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ጋሽ ደምሴ እዚህ ተቀምጠው እኔ ልቅደም? ነውር አይደለም እንዴ? አለኝ። ይህ በር አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው፣ ነውር አያውቅም አልኩት። እሱ ባያውቅ እኛ እናውቃለን አለና ብድግ ብሎ ወንበሩን ለጋሽ ደምሴ ለቀቀ። ጋሽ ደምሴ በበኩላቸው ኧረ ተው ልጆች፣ እናንተ ቅደሙ፣ የኔ የመጨረሻ ነው አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ወግ ባላነበባችሁ። ግን «እናንተ ቅደሙ» ሲሉ ማን ያምናቸዋል? ዘመናችንን ሙሉ «አይ፣ አልበላም» ያለውን ሰው እያጎረስን ያደግን ሕዝብ ነን። ማቲዎስ በሞቴ አላቸው። እሳቸው እንቢ አሉ። እኔም፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተራ አስከባሪው ራሴ፣ አፌ አምልጦኝ «ጋሽ ደምሴ፣ አፈር ስሆን!» አልኩ። ሰውዬው ምን ያድርጉ? ሁለት ወጣት ሊሞትባቸው ነው። ተቀመጡና ቁልፉን ተጫኑ።

ኮምፒውተሩ ቀይ በቀይ ሆነ። የጋሽ ደምሴ ሥራ ሟች ይፈልጋል፣ አባል የለም፤ ድንኳን ይፈልጋል፣ ንብረት የለም። ሥራቸውን መልሰው አውጥተው በወጉ እንደ መጀመር ጋሽ ደምሴ፣ የለመናቸውን ልጆች ላለማሳፈር፣ አንድ ዘዴ አበጁ። ለጊዜው እንዲቆም ያህል የውሸት ሟች ፈጠሩና «አባል ቁጥር አንድ ሞቷል» ብለው አስገቡ። ስም የለው፣ ቤት የለው፣ ማንም አይደለም፣ በኋላ እናጠፋዋለን አሉን። ከዚያ ማቲዎስ አሁንም እኔን አስቀደመ፤ በዕድሜ በጥቂት እበልጠዋለሁና። በመጨረሻ እሱ ገባ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ተጨባበጥን። የውሸቱን ሟች ማን ያጥፋው? እኔ ማቲዎስ ያጠፋዋል አልኩ፣ ማቲዎስ የጋሽ ደምሴን ሥራ መንካት ድፍረት መሰለው፣ ጋሽ ደምሴ ደግሞ ልጆቹ አሉ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን መልቀሙንም ተገባበዝንበት።

ቅዳሜ በእድሩ ቤት ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዴ መሐል ናቸው። ጥግ ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ተቀምጧል፤ ስልክ ሥራዬን ሊቀማኝ ነው ብሎ አኩርፏል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መዝገቡን አሳየሁ፤ ስማቸውን ሲያዩ ተደሰቱ። ድንኳኑን አሳየሁ፤ ጋሽ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመለዋወጫ ነጋዴ ራሱን ሲነቀንቅ ትልቅ ነገር ነው። በልቤ ሠርጉን ደገስኩ። አሁን ደግሞ መልእክት እንዴት እንደሚላክ ላሳያችሁ አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

የሁሉም ስልክ ባንዴ ጮኸ። መነጽር ወጣ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ስልካቸውን አዩ፣ ጋሽ ወልዴን አዩ፣ መልሰው ስልካቸውን አዩ። የእድራችን አባል አቶ ወልዴ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ድንኳን ተተክሏል፣ እድርተኛ ሁሉ ቶሎ ይድረስ ይላል መልእክቱ። በእድሩ ቁጥር አንድ አባል ማን ሊሆን ኖሯል? ዳኛው ናቸዋ! ሞቱ ዓርብ ገብቶ ባለቤት አጥቶ ቆይቷል፤ ማቲዎስ ዘግይቶ ስሞቹን ሲያመጣ ባለቤቱን አገኘና ሰፈረበት።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ጥሩምባ ነፊው ወጥቷል። ደግሞ ምን ያለ ትንፋሽ ነው! ጋሽ ወልዴ ሞቱ እያለ ዳገቱን ወጣበት። አፍታም ሳይቆይ በሩ ላይ ለቅሶ ተሰማ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ የሰፈር ሴቶች ደረሱ። ጋሽ ወልዴ ወጥተው አለሁ፣ አለሁ ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? አንዷ አልቃሽ እንዲያውም ደግነታቸውን እየዘረዘረች ስለነበር ጥቂት ቆም ብለው አዳመጡ።

አለቀልኝ አልኩ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ጋሽ ወልዴ ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። የተበላሸው ዕቃ የቱ ነው? ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ዕቃው ሁሉ ደህና ነው፣ ተራው ነው የተበላሸው አልኳቸው። ከዚያ ምላሴ ተፈታ። ተራ በዕድሜ አይሄድም፣ ማን ማንን ይደገፋል ብሎ ነው የሚጠየቀው፣ ተደጋፊው የፈለገ ያህል የተከበረ ቢሆን የተደገፈው ነገር ሳይገባ መግባት የለበትም አልኳቸው። ሌላው ቀርቶ ሁሉም ሰው መርምሮ ቢያጸድቀው እንኳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል አልኩ። ጋሽ ወልዴ አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ። ደጋግመው አስነገሩኝ። ጥሩ ነገር ነው አሉ፤ በሉ አስተካክላችሁ አምጡት።

አስተካከልነው። ምሰሶ፣ ሸራ፣ ገመድ። ሠራ። እድሩ ተቀበለን።

በሳምንቱ እሑድ ጋሽ ደምሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ እነ ብሩክታዊት ቤት ሄዱልኝ። እኔ መቀመጥ ቢያቅተኝ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣሁ። ባሕር ዛፉ መሐል ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሰው ፎቶ ይነሳል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። በጣም ቆዩ። ለካ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ማን ይቅደም ሲባባሉ ነው ግማሹ ሰዓት ያለቀው።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ደወሉ። ደስ ይበልህ፣ ጸድቋል አሉኝ። ዘለልኩ። ግን አሉ። ይህችን «ግን» ማን እንደፈጠራት አላውቅም። ልጁን ወደነዋል፣ ብሩክታዊትም ወዳዋለች፣ ግን ታላቋ ሰብለ ሳትዳር ታናሿን አንድርም ብለዋል አሉኝ። ተራ በዕድሜ አይደለም አይሏቸውም ነበር! ብዬ ጮህኩ። ብያቸዋለሁ አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ጋሽ ወልዴ ግን በዕድሜ እንዳልሆነማ ልጁ አስረድቶኛል፣ የታናሿ ሠርግ የታላቋን ሠርግ ተደግፎ ስለቆመ ነው፣ ታላቋን ትቼ ታናሿን ብድር ሚስቴ በሐዘን ትሞታለች፣ እኔ ደግሞ አንዴ ሞቼ አይቼዋለሁ፣ ከዚህ ቤት ሌላ ሰው እንዲሞት አልፈልግም አሉኝ። መርምረን አጽድቀነዋል፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ብለዋል።

ግራ ገባኝ። ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚሉት ጅራፍ እኔ ነኝ። ብሩክታዊት ጋ ደወልኩ። ቆይ፣ እህትሽ ማንን ነው የምትጠብቀው? አልኳት። ሳቀች። እህቷ የምትጠብቀው ሰው አለ፤ ታክሲ መያዣው ጋ ያለው መድኃኒት ቤቷ ይመጣል፣ የራስ ምታት ኪኒን ይገዛል፣ አንድ ቃል ሳይናገር በሩን ለሌላ ሰው ይዞ ያሳልፍና ይሄዳል አለችኝ። ሰብለ ጤነኛ መሆኑን ካወቀች ቆይታለች፤ ሽማግሌ ቢልክ ዛሬውኑ እሺ ትላለች አለችኝ።

ዳገቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እሑድ ቢሆንም ማቲዎስን ወፍጮ ቤቱ ላይ ብቻውን ሲሠራ አገኘሁት። ደረጃውን ወጥቼ ሳልተነፍስ፣ ሰብለን ትወዳታለህ? አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ታዲያ ለምን ሽማግሌ አትልክም? አልኩት። ልልክማ ነበር አለኝ፤ ያንተን ስሰማ ነው የተውኩት፤ ቀድመህ የጀመርከው አንተ፣ ታላቄም አንተ፣ አንተ ሳታገባ እኔ እንዴት እዚያ ቤት እረግጣለሁ?

ሁለቱን እጆቹን ያዝኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ፣ ከአንጀቴ፣ እንባዬ እየመጣ፣ ማቲዎስ፣ በሞቴ፣ አንተ ቅደም አልኩት።

ማቲዎስ ፈገግ አለ። ብድግ አለ። በሩን ከፈተና፣ በአክብሮት ወደ ጎን ቆሞ፣ «ኧረ አፈር ስሆን!» አለኝ።