የወይዘሮ ንግሥቴ ትንሽ ነገር

በአገራችን ውሃ የሌለው ቀበሌ ሞልቷል፤ መንገድ የሌለውም እንዲሁ። ስብሰባ ሊበተን ሲል እጅ የሚያወጣ ሰው ያጣ ቀበሌ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ለእኛ የተመደቡልን ክብርት ወይዘሮ ንግሥቴ ነበሩ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነው። ስለ ማዳበሪያ እንሰበሰባለን፣ ስለ እርከን እንሰበሰባለን፣ ስላለፈው ስብሰባም እንሰበሰባለን። ሊቀ መንበሩ አቶ ላቀው "እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ..." ሲሉ ሰው ሁሉ ዱላውን ያነሳል። ያኔ ወይዘሮ ንግሥቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላ ብድግ ይላሉ።

"አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ።"

ዱላው ተመልሶ ይቀመጣል። ያቺ ትንሽ ነገር ከግማሽ ሰዓት በታች ወስዳ አታውቅም። አጀንዳው ምርጫም ይሁን የከብት ክትባት፣ እሳቸው የሚያነሱት ጤና ጣቢያውን ነው።

"ሴት የምትወልድበት ቤት እንዴት ምድጃ ያጣል? ለአራስ ገንፎ ሳይገነፋ? 'ማርያም ማርያም' የሚልላትን ዘመድ ከደጅ አባራችሁ ማን ያጽናናት? ሴቶቻችን እቤት የሚቀሩት መርፌ ጠልተው እኮ አይደለም፤ ብቻቸውን ማማጥ ፈርተው ነው።"

እኔም እጽፋለሁ፦ "የተሰጠው አስተያየት በግብዓትነት ተወስዷል።" ምሳ ሰዓት አልፎ ከዚህ በላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ካለ እሱ ጻድቅ ነው።

አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም አንድ ባለሙያ መጣ። ባህላችንን መዝግቦ ሊጠብቅልን ነው ተባለ። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ ጠቃሚና ጎጂ። ወይዘሮ ንግሥቴ የአራስ ገንፎን አስመዘገቡ። ባለሙያው እስክሪብቶውን ሲያኝክ ቆየና ጭስ አለበት ብሎ ገንፎውን ጎጂው ውስጥ ከተተው።

"ልጄ፣ እናትህ አንተን ስትወልድ ምን በላች?" አሉት።

ቅጹ ላይ ለዚያ ቦታ የለም አለ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ እጃቸውን ሲያወጡ ድምፃቸው ሌላ ነበር። "የልጄ ሚስት አምለሰት ስምንት ወሯ ነው። የፊተኛውን እዚያ ስትወልድ እኛን አስወጥተው ብቻዋን ነው ያማጠችው፤ ገንፎም ሳትቀምስ ነው የተመለሰች። አሁን ብገደልም አልሄድ ብላለች። ለምኜ ለምኜ አቃተኝ። ምድጃ ተሠርቷል፣ እኔም አብሬሽ እገባለሁ ልበላት?"

ሰው ሁሉ ዱላውን ይዟል። አቶ ላቀው ወደ እኔ አዩ። እኔም ጻፍኩ፦ በግብዓትነት ተወስዷል።

አምለሰት እቤቷ ወለደች። ደሙ አልቆም ሲል በወሳንሳ ተሸክመው ሮጡ፤ አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ነፍሷ ወጣ። ሕፃኗ ተርፋለች። ከቀብሩ መልስ መዝገቡን ከፍቼ አገላበጥኩት። የወይዘሮ ንግሥቴን ጥያቄ አሥራ አንድ ጊዜ "ግብዓት" አድርጌዋለሁ፤ ስማቸውን አንድ ጊዜም አልጻፍኩም። አፈርኩ።

ዓመት ሳይሞላ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ምድጃ ያለው ክፍል ተሠራ። ዘመድ ገብቶ "ማርያም ማርያም" እንዲልም ተፈቀደ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ክፍሉ "ምርጥ ተሞክሮ" ተባለ። ያ ገንፎ ያው ገንፎ ነው፤ ጭሱም ያው ጭስ። ወይዘሮ ንግሥቴ ሕፃኗን አዝለው ከኋላ ቆመዋል። ያን ቀን እጃቸውን አላወጡም።

አቶ ላቀው ደስ ብሏቸው "እማማ ንግሥቴ፣ ያቺ ትንሽ ነገርዎ ተሳካች እኮ! ምን ይላሉ?" አሏቸው።

"ትንሽ አልነበረችም፣ ልጄ" አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልመጡም። "ሌላ ሐሳብ ከሌለ" ሲባል ሁላችንም ዞረን ወደ ኋላ እናያለን፤ የሚነሳ የለም። ስብሰባችን በሰዓቱ ያልቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ይኼንኑ ነበር። አሁን ሰው ዱላውን አንስቶ ሲወጣ እያየሁ፣ ምነው ግማሽ ሰዓት ባስቀመጡን እላለሁ።